ነጋዴው በአንዲት የእጅ ሻንጣ ሲጓዝ

በቀድሞ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ከጭነቱ ተለይቶ አይጓዝም ነበር። አሞሌውን፣ ቡናውን፣ ቆዳውንና ሰሙን በበቅሎና በአህያ ጭኖ፣ እርሱ ከኋላ እየነዳ፣ ወንዝ ሲሞላበት ከጭነቱ አጠገብ ሰፍሮ ያድራል፤ ኬላ ሲደርስም ከጭነቱ አጠገብ ቆሞ ቀረጡን ይከፍላል። ጭነቱን ለብቻው ቢልከው በሰነድ የሚረከብለት፣ ቢጠፋበትም የሚጠየቅለት ስላልነበረ፣ ነጋዴውና ጓዙ እንደ ሥጋና ነፍስ አብረው ይኖሩ ነበር።

የአይሮፕላን ጉዞ በአገራችን ሲጀመርም ይህ ልማድ ወዲያው አልተለወጠም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ባደረገ ጊዜ፣ ያገለገሉት አይሮፕላኖች ለጦር ሠራዊት ተሠርተው የነበሩ ሲ 47 የተባሉ ዳግላሶች ነበሩ። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጋ አግዳሚ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱም በመካከል ወለሉ ላይ በገመድ ታስሮ በፊቱ ይጓዛል። ያ ዘመን ነጋዴ ዕቃውን ከዓይኑ ሳያርቅ ይበር ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጭነት ለብቻው በጭነት አይሮፕላን ወይም በጂቡቲ ወደብ በኩል በመርከብ፣ በማጓጓዣ ሰነድና በመድን ዋስትና ይሄዳል። ነጋዴው ደግሞ ለብቻው በመንገደኞች አይሮፕላን ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎቻችን በሐሳባችን ገና ከሲራራው ዘመን አልወጣንም። በቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ፊት ለጥቂት ጊዜ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ ለአራት ቀን ጉዳይ የሚሄድ ነጋዴ ለአራት ወር የሚበቃ ጓዝ ሲያስመዝን ያያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ለአጭር የንግድ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው በአንዲት የእጅ ሻንጣ ብቻ ቢጓዝ የሚያገኘውን ጥቅምና ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ ለክቡራን አንባብያን ማስረዳት ነው።

ትምህርቱ የመጣው በኪሳራ ስለ ሆነ፣ የኪሳራውን ታሪክ አስቀድሜ ልንገር።

ማኅተሙና በርበሬው

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ከወጣሁ ወዲህ በአንድ ቡና ላኪና የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ነጋዴ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት አገለግላለሁ። የአለቃዬን የጉዞ ወረቀት የማሰናዳው፣ ሻንጣቸውንም ከቤተ ሰቦቻቸው ጋራ ሆኜ የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

በየካቲት ወር 2010 ዓ.ም. አለቃዬ ከአንድ ቡና ገዢ ጋራ ለመነጋገር ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ሃምቡርግ ሄዱ። ይዘውት የሚሄዱት ነገር ብዙ አልነበረም። እያንዳንዳቸው 300 ግራም የሆኑ አራት የቡና ናሙናዎች፣ ሁለት ቅጂ የውል ረቂቅና የድርጅቱ ማኅተም ብቻ ነበሩ። ጉዳዩ ግን ቀላል አልነበረም። በመጋዘን የተቀመጠው ቡና ሁለት ኮንቴነር፣ ይኸውም እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሆነ 640 ጆንያ ሲሆን፣ የተገዛውም በባንክ ብድር ነበር።

መሄዳቸው እንደ ተሰማ፣ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ እሽጉን እየያዘ መጣ። አንዱ በዚያ አገር ለሚኖር ልጁ በርበሬ፣ አንዷ ለእኅቷ ሽሮ፣ ሌላው ደግሞ የባህል ልብስ አመጣ። አደራ ስለ ሆነ እንዳይጠፋ በማለት፣ የሰውን ዕቃ ሁሉ በእጅ በሚያዘው ሻንጣ ውስጥ ጨመርሁት። ናሙናውን፣ ውሉንና ማኅተሙን ግን ቦታ ስላጣሁላቸው ለአየር መንገዱ በሚሰጠው በትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ በካልሲዎቻቸው መካከል ጠቅልዬ አስቀመጥኋቸው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የእኔ ነው።

ወደ ሃምቡርግ የሚወስደውን ሁለተኛ አይሮፕላን የሚሳፈሩበት ከተማ ሲደርሱ፣ የመጀመሪያው አይሮፕላን ስለ ዘገየ የቀራቸው ጊዜ 50 ደቂቃ ብቻ ነበር። አለቃዬ ሮጠው ደረሱ። ሰው ሮጦ ይደርሳል፤ ሻንጣ ግን አይሮጥም። ሃምቡርግ የገቡት ማክሰኞ ነው፤ ሻንጣው የደረሰው ሐሙስ ማታ ነው። ገዢው ረቡዕ ዕለት ተቀበላቸው፤ በትሕትናም አነጋገራቸው። ነገር ግን ያልቀመሰውን ቡና ሊገዛ እንደማይችል፣ በማግሥቱም ወደ ሌላ አገር እንደሚሄድ ነገራቸውና ከሌላ ሻጭ የቀረበለትን ናሙና ቀምሶ ተዋዋለ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሰው በርበሬ በሰዓቱ ለባለቤቱ ደርሷል፤ የ640 ጆንያ ቡና ናሙና ግን በመንገድ ቀርቷል።

ቡናው ከወራት በኋላ በዝቅተኛ ዋጋ ተሸጠ፤ የባንኩ ወለድ ግን ዋጋ ወረደ ብሎ አልቀነሰም። አለቃዬ ሲመለሱ ከሥራ የሚያሰናብቱኝ መስሎኝ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እርሳቸው ግን ከወንበራቸው ላይ ሆነው ጥቂት ካዩኝ በኋላ፣ «አይዞሽ፤ ከዚህ በኋላ ግን ማኅተሜን ከካልሲ ጋራ አትጠቅልዪብኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእጅ ሻንጣን ጉዳይ እንደ ሒሳብ መዝገብ አጠናሁት።

ሕጉ ለነጋዴ ምን ይከፍለዋል?

ብዙ ሰው «ሻንጣዬ ቢጠፋ አየር መንገዱ ይከፍለኛል» ብሎ ይዝናናል። በግንቦት 1991 ዓ.ም. በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ የተፈረመው የአየር ማጓጓዣ ስምምነት፣ ሻንጣ ሲጠፋ፣ ሲበላሽ ወይም ሲዘገይ አጓጓዡ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ መጠን ወስኖታል። ይህም መጠን ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ፣ በዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ 1,519 ሲሆን፣ በግምት 2,000 የአሜሪካ ዶላር ያኽል ነው። ይህ የሚከፈለው በደረሰው ጉዳት ልክ ስለ ሆነ፣ ሁሉም ሰው ሙሉውን አያገኝም። ለአለቃዬ የተከፈላቸው ለሸሚዝና ለመታጠቢያ ዕቃ ያወጡት፣ ደረሰኝ ያቀረቡበት ገንዘብ ነው። የቀረው ውል ዋጋ በደረሰኝ አይቀርብም።

ሻንጣ ለአየር መንገድ የሚሰጥ ሰው ሊያስታውሳቸው የሚገቡ ሁለት ቀነ ገደቦች አሉ። ዕቃው ተበላሽቶ ከደረሰ አቤቱታው በተረከቡበት በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከደረሰ ደግሞ በተረከቡበት በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ሻንጣው ከነጭራሹ ያልመጣ እንደ ሆነም፣ መንገደኛው ከሻንጣ መረከቢያው አዳራሽ ሳይወጣ አስመዝግቦ ቁጥር መቀበል ይገባዋል። በእጅ የያዙት ዕቃ ሲሆን ግን አጓጓዡ የሚጠየቀው ጉዳቱ በእርሱ ወይም በሠራተኞቹ ጥፋት የደረሰ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ የእጅ ሻንጣ ዘበኛው ባለቤቱ ራሱ ነው።

የሰባት ኪሎ ሒሳብ

የኢትዮጵያ አየር መንገድን ጨምሮ ብዙ አየር መንገዶች በተራው ማዕረግ ለሚሳፈር መንገደኛ የሚፈቅዱት የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ስፋቱም 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር ወይም ለዚህ የቀረበ ነው። ከዚህ ሌላ አንዲት ትንሽ የእጅ ቦርሳ ወይም የኮምፒዩተር መያዣ ይፈቀዳል። ልኩ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ስለሚለያይ፣ በሁለት አየር መንገድ የሚጓዝ ሰው የጠበቀውን ልክ መያዝ አለበት።

ሰባት ኪሎ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። እኛ ቤት የምንጠቀምበት ባዶ ሻንጣ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ይመዝናል። ሦስት ሸሚዝ 750 ግራም፣ አንድ ሱሪ 500፣ የውስጥ ልብስና ካልሲ 500፣ ሹራብ 400፣ የመታጠቢያ ዕቃ 400፣ አራት የቡና ናሙና 1 ኪሎ ከ200፣ ሰነድና ማኅተም 600 ግራም ነው። ድምሩ 6 ኪሎ ከ150 ግራም ይሆናል፤ ሲመለሱ ለሚይዙት ወረቀት 850 ግራም ይተርፋል። ኮምፒዩተሩ በትንሹ ቦርሳ ይሄዳል። ኮቱንና ከባዱን ጫማ መንገደኛው ለብሶትና ተጫምቶት ይሄዳል። ሸሚዝ ማታ ታጥቦ ጧት ስለሚደርቅ፣ ሦስቱ ለሳምንት ይበቃሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘነው ባዶው ሻንጣ መሆኑን አትርሱ። ጎማና ብረት የበዛበት ሻንጣ ገና ምንም ሳይገባበት ከሰባቱ ኪሎ ሦስቱን ይበላል። የሱቅ ሚዛን ያለው ባለ ሱቅ ይህን ለማድረግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

አንድ ሌላ ምክር አለ። አይሮፕላኑ ሲሞላ፣ ሠራተኞቹ በመሳፈሪያው በር ላይ የእጅ ሻንጣዎችን ተቀብለው ወደ ዕቃ ክፍል ሊልኩ ይችላሉ። በአገር ውስጥ መስመር በሚበሩት ባለ ማራገቢያ አይሮፕላኖችም ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያ ጠባብ ነው። ስለዚህ ፓስፖርቱን፣ ዋናውን ሰነድ፣ ማኅተሙን፣ መድኃኒቱንና የስልክ ባትሪውን በአንዲት የጨርቅ ከረጢት ለይቶ ከላይ ማስቀመጥ ይገባል፤ ሻንጣው ቢወሰድ ከረጢቷ በባለቤቷ እጅ ትቀራለች።

ስለ ተከለከሉ ነገሮች

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በፈሳሽ ፈንጂ አይሮፕላኖችን ለማጥፋት የታሰበ ሤራ ከተያዘ ወዲህ፣ ፈሳሽ ነገር በእጅ ሻንጣ የሚያዘው በብዙ አገር ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ፣ ሁሉም በአንዲት የ1 ሊትር ግልጽ ከረጢት ሆኖ ነው። የሚለካው ዕቃው እንጂ በውስጡ የቀረው አይደለም፤ ግማሹ ባለቀ የ200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ያለው ሽቱ ይወሰዳል። ማርም፣ ቅቤም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። አዳዲስ የመፈተሻ መሣሪያ ያስገቡ አንዳንድ አይሮፕላን ማረፊያዎች ይህን ደንብ አላልተዋል፤ ነገር ግን ሲሄዱ የተፈቀደ ሲመለሱ ሊከለከል ስለሚችል፣ በጥብቁ ደንብ መጓዝ ይሻላል።

ወደ አሜሪካ የሚሄዱም ይህን ይወቁ። ከሰኔ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ወደዚያ አገር በሚበር አይሮፕላን ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ሲያዝ ለተጨማሪ ፍተሻ ይጋለጣል፤ ማንነቱ ካልተረጋገጠም አይገባም። የተፈጨ ቡና፣ በርበሬና ሽሮ ከዚህ ውጭ አይደሉም። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ክልክል ስለ ሆነ፣ ቋንጣና ቅቤ ይዞ መሄድ ራስን ለቅጣት ማቅረብ ነው። የንግድ ናሙናም ቢሆን ከአገር ሲወጣ ፈቃድ፣ ወደ ሌላ አገር ሲገባም የዚያን አገር ደንብ ይጠይቃልና አስቀድሞ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት መረዳት ያስፈልጋል።

የስልክ መሙያ ባትሪ፣ ማለትም ፓወር ባንክ፣ ለአየር መንገዱ በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚያዘው በእጅ ነው። ልኩም 100 ዋት ሰዓት ነው። በባትሪው ላይ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ቢጻፍ፣ በ3.7 ቮልት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ይፈቀዳል። በጥር 2017 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ በቡሳን ከተማ መሬት ላይ የቆመ የመንገደኞች አይሮፕላን ተቃጥሎ መርማሪዎቹ የእሳቱ መነሻ ፓወር ባንክ ሳይሆን እንደማይቀር ከገለጹ ወዲህ፣ ቁጥጥሩ ጠብቋል። ቻይናም ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ የጥራት ምልክት የሌለበትን ፓወር ባንክ በአገር ውስጥ በረራዋ ከልክላለች። ወደ ጓንጁ ደርሰው ከዚያ ወደ ሌላ የቻይና ከተማ በአይሮፕላን የሚሻገሩ አስመጪዎቻችን ይህን ሊዘነጉ አይገባም።

ስለ አደራ ዕቃ

በአገራችን «እባክህ ይህችን ብቻ አድርስልኝ» የሚለውን ሰው እምቢ ማለት እንደ ነውር ይቈጠራል። ነገር ግን ሌላ ሰው አሽጎ የሰጠውን ዕቃ ይዞ መጓዝ ከኪሳራም የከፋ አደጋ አለበት። በውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቁ የሰው ዕቃ ይዘው በባዕድ አገር እስር ቤት የገቡ መንገደኞች አሉ። ፈታሹ የሚጠይቀው ዕቃው የተገኘበትን ሰው እንጂ አደራ የሰጠውን አይደለም። አንዲት የእጅ ሻንጣ ብቻ መያዝ ለዚህም መልካም መልስ ይሰጣል። አለቃዬ ዛሬ «የያዝሁት ሰባት ኪሎ ብቻ ነው፤ እርሱም ሞልቷል» ይላሉ። ይህ እውነት ስለ ሆነ ማንም አይቀየምባቸውም።

ባለ ሱቆች ለሚያነሡት ጥያቄ

አንዳንድ ባለ ሱቆች «ለእያንዳንዱ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ በትኬቴ ዋጋ ከተፈቀደልኝ፣ ለምን ባዶ እጄን እመለሳለሁ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእጅ ሻንጣ ለሁሉ ጉዞ ይበቃል አንልም። ከባድ የመሣሪያ ናሙና፣ ስለት ያለው ዕቃ ወይም ብዙ ፈሳሽ የሚይዝ ሰው ሻንጣ ማስመዘን ግድ ይሆንበታል። ነገር ግን ለሽያጭ የሚሆን ብዛት ያለው ዕቃ በመንገደኛ ሻንጣ ቢመጣም በጉምሩክ ፊት የንግድ ዕቃ መሆኑ አይቀርም። ደረሰኙና የማስመጫ ሰነዱ ባልተሟላ ጊዜም ዕቃው ይያዛል፤ ባለቤቱም ሱቁን ዘግቶ ይመላለሳል። የዚያ ቀን ሽያጭ፣ የመመላለሻው ወጪና የዕቃው መቆየት ሲደመር፣ በነጻ መጣ የተባለው 46 ኪሎ ነጻ አለመሆኑ ይታያል። ሸቀጥ በሸቀጥ መንገድ ከነሰነዱ ቢመጣ ነጋዴው በሚቀጥለውም ጊዜ ያለ ሥጋት ይነግዳል።

ባዶ ባልሆነች ትንሽ ሻንጣ

ታሪኩን ሳልጨርስ እንዳልቀር፣ አለቃዬ በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ወደዚያው ገዢ ዘንድ ሁለተኛ ሄዱ። በዚህም ጊዜ መንገዱ አልቀናም፤ በመሸጋገሪያው ከተማ ወደ ሃምቡርግ የሚሄደው አይሮፕላን ቀረ። ሻንጣ ያስመዘኑት መንገደኞች ዕቃቸው የት እንዳለ እየጠየቁ በሰልፍ ሲቆሙ፣ እርሳቸው የሚጠይቁት ሻንጣ ስላልነበራቸው በቀጥታ ወደ ትኬት መስኮቱ ሄደው ማታ በሚነሣው አይሮፕላን ቦታ አገኙ። በማግሥቱ በሦስት ሰዓት ጧት ናሙናው በገዢው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ገዢው አራቱንም ቀመሰ፤ ሁለቱን አልወደዳቸውም፤ ከቀሩት ግን አንድ ኮንቴነር ተዋዋለ። ማኅተሙም በቦታው ስለ ነበር ውሉ በዚያው ዕለት ታተመ። ያለፈውን ኪሳራ ሁሉ የሚመልስ አልነበረም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ገዢው በየዓመቱ ይጽፍልናል።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፣ ጭነት የራሱ መንገድ፣ የራሱ ሰነድና የራሱ መድን አለው፤ በዚያ ይሂድ። ነጋዴው የሚይዘው ጉዳዩን ነው፤ ጉዳዩም በሰባት ኪሎ ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ጉዟችሁ ሻንጣውን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ «ይህ ሁሉ ባይደርስ ለየትኛው ነው ሥራዬ የሚቆመው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የሆነውን ነገር ከእጃችሁ አትለዩት። የእኛ መሥሪያ ቤት ይህን ለመማር ሁለት ኮንቴነር ቡና ከፍሏል፤ እናንተ ግን ሳትከፍሉ እንድትማሩት ስል ይህን ጽሑፍ በትሕትና አቅርቤያለሁ።